ታማሚው «ብርድ ነው»፣ ሐኪሙ «እርጅና ነው» ሲሉ፦ በአጥንት መሳሳት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ወገቡን ያመመው ሰው ሰበብ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳር ሌሊት ውርጯን የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ታማሚው ገና ሳይቀመጥ «ብርድ ነው የመታኝ» ይላል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ዕድሜውን አይቶ «እርጅና ነው» ይልና ማስታገሻ ይጽፋል። ተግባብተው ይለያያሉ፤ አጥንቱን ግን ማንም አላየውም። እኔ ነርስ ነኝ። ከሁለቱም ወገን ስሰማቸው የኖርኳቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

እስኪያም መጠበቅ

የአጥንት መሳሳት፣ ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ የሚሉት፣ ራሱ አያምም። ጉልበት የሚያንቋቋው፣ ጠዋት ጣት አላጥፍ የሚለው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ሰዉ ቁርጥማት ይለዋል፤ ሌላ በሽታ ነው። አጥንት የሚሳሳው ዝም ብሎ ነው። ጥንካሬው እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ ከጎተራው እየወጣ ይበላል። ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ወጪው ይፈጥናል። ጀሪካን ስታነሳ ወገቧን ቀስፎ የያዛት እናት «ብርድ» ስትል ምናልባት ያን ጊዜ የጀርባ አጥንቷ ተሰብሯል።

ስብራቱን አስሮ መሸኘት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አክስቴ የመንዝ ሴት ናቸው። በነሐሴ ዝናብ ደጃፋቸው ላይ አዳለጣቸውና በመዳፋቸው ሲደገፉ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ በሸምበቆ አሰራቸው፤ እጃቸው ሲያብጥ ወደ ከተማ መጡ፤ ራጅ ተነሡ፤ ጀሶ ተደረገላቸው። (ወጌሻ አጥብቆ ሲያስር ደም ተቋርጦ እጅ እስከመቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ወዲያው ማስፈታት ነው።) ከስድስት ሳምንት በኋላ ጀሶውን የፈታሁት እኔው ነኝ። «እትዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። ከቆሙበት የወደቁ ሴት አጥንታቸው ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሦስት ዓመት ቆይቼ ለፋሲካ ስሄድ ቀሚሳቸው ከፊት ለፊት መሬት ይጠርጋል። «ሰፊው አበላሸብኝ» አሉኝ። ቀሚሱ የድሮው ነው፤ ያጠሩት እሳቸው ናቸው። ራጅ ሲታይ የጀርባቸው አጥንት ሁለት ቦታ ተጨፍልቋል። ከ50 ዓመት በኋላ በቀላል አወዳደቅ የተሰበረ ሰው ቀጥሎ የመሰበር ዕድሉ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ መድኃኒቱን ከሦስት ዓመት በፊት ይጀምሩ ነበር።

መሣሪያ የለም ብሎ መተው

የአጥንት እፍጋት የሚለካው ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ነው፤ ቲ-ስኮር የሚሉት ውጤት −2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አጥንቱ ሳስቷል ይባላል። መሣሪያው በእኛ አገር እንደልብ አይገኝም። ተራ ራጅ ደግሞ ከአጥንቱ ሲሶ ያህል እስኪያልቅ ድረስ መሳሳቱን ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን አንዲት አረጋዊት በቀላል አወዳደቅ ዳሌያቸው ወይም ጀርባቸው ከተሰበረ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ከተጣራ፣ ያ ስብራት ራሱ ማስረጃ ነው። ቁመትም ይናገራል። ካርድ ስናወጣ ኪሎ እንመዝናለን፣ ቁመት ግን የምንለካው ለሕፃን ብቻ ነው። ከወጣትነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጠረ ሰው ጀርባው ይታይ።

ካልሲየም ኪኒን ይዞ «ታክሜያለሁ» ማለት

ይህን ታማሚውም ሐኪሙም እኩል ይሠሩታል። ካልሲየም ለአጥንት ቀለብ ነው፤ አንዴ የተሰበረን ሰው ግን ብቻውን አያክምም። ቀለቡም ከማእድ ቢገኝ ይሻላል። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሸፍናል። ጾም ሲገባ ወተቱ ይቀራል፤ በዓመት 180 ቀን ገደማ ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ግን በጾምም ጎመን አለ፣ ሳይፈተግ የተቆላ ሰሊጥ አለ፣ ጤፍ አለ። ጤፍ ከገብስ በብዙ እጥፍ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ከበሶና ከገብስ እንጀራ ለማይወጣው የመንዝ ደጋ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በፍስክ ደግሞ አይብ ብቻ በልቶ አጓቱን መድፋት ኪሳራ ነው፤ ከካልሲየሙ ጥሩው ድርሻ የሚሄደው ከአጓቱ ጋር ነው።

ፀሐይን ለሕፃን ብቻ መተው

አራስ ልጇን ቅባት ቀብታ ጠዋት ፀሐይ የማታሞቅ እናት እዚህ አገር ብርቅ ናት። እዚያው ቤት አያትየው ጋቢ ተከናንበው ጭስ ቤት ውስጥ ይውላሉ። አጥንት ካልሲየሙን እንዲያገኝ የሚያደርገውን ቫይታሚን ዲ ቆዳ የሚሠራው ፀሐይ ሲያገኘው ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ጋቢ አልፎ አይገባም። ክንድና እግር ገልጦ ጥቂት ጊዜ በረንዳ ላይ መቀመጥ ነው። ከልጁ ጋር አብረው ይሙቁ።

መድኃኒቱን ከቡና ጋር መዋጥ

ለአጥንት መሳሳት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሌንድሮኔት በሳምንት አንዴ የሚወሰድ የ70 ሚሊ ግራም ኪኒን ነው። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ ሳይጋደሙ መቆየት ነው። በቡና ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል፤ ውጦ የሚጋደም ደግሞ ጉሮሮውን ሊያቆስለው ይችላል። እኛ «በሳምንት አንዴ» ብለን ብቻ እንሸኛለን። ቀኑን አብሮ መምረጥ ያስፈልጋል፤ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። አክስቴ ማክሰኞን መርጠዋል።

ሌላም የመድኃኒት ስህተት አለ። ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን እየገዙ ለወራት የሚውጡ አሉ። ከሦስት ወር በላይ በየቀኑ ሲወሰድ አጥንት ከሚያሳሱት ዋነኛው ነው። ግን በድንገት አይቆምም፤ ይህን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ወንዱንም ስለዘነጋነው በአጭሩ፦ አረቄና ሲጋራ የወንድ አጥንትም ይበላሉ።

«እንዳትወድቂ» ብሎ ማስቀመጥ

ዕድሜ ልካቸውን እንስራ ተሸክመው አቀበት የወጡ እናት ልጃቸው ዘንድ ከተማ ሲገቡ ፍራሽ ላይ ይቀመጣሉ። ልጅ በፍቅር ነው። አጥንት ግን ክብደት ካልተሸከመ ይሳሳል፤ ጡንቻም ሲደክም መውደቅ ይበዛል። መራመድ ይበጃቸዋል፤ ከባድ ነገር ጎንበስ ብሎ ማንሳቱ ብቻ ይቅር። ጥንቃቄው አወዳደቁ ላይ ይሁን፦ የደጃፉን ድንጋይ ማስተካከል፣ ጭቃው ላይ ገለባ ወይም ጠጠር፣ የዓይን ሞራ ካለ ማስገፈፍ፣ ሌሊት ባትሪ።

አክስቴን ሌሊት ውጭ ከመውጣት ፖፖ ይሻላል ብያቸው ተቆጡኝ፤ «እኔ ሕፃን ነኝ?» አሉ። ባትሪውን ግን ተቀበሉኝ። በክር አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለውታል።