የእሳቱ ዓለም ለምን አሰለቸ? ለጨዋታ መሪዎች ችግርና መፍትሄ

እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ለኛ እንግዳ አይደሉም። የአክሲማሮስን ትምህርት የሰማ ሁሉ አራቱ ባሕርያት እሑድ እንደተፈጠሩ ያውቃል። መሪው ዓለሙን እየገለጸ ተጫዋቾች የገጸ ባሕርያትን ሚና ይዘው በሚጫወቱባቸው፣ እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባሉ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ ዓለም ናቸው። ወረቀት ላይ ያጓጓሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ ግን ብዙ ጊዜ ይከሽፋሉ። የኔም ከሽፈዋል።

ምልክት፦ እሳቱ ማንንም አያስፈራም

ለመጀመሪያው የእሳት ዓለሜ ሁለት ገጽ መግለጫ ጽፌ ነበር፤ የቀለጠ ድንጋይ ወንዝ፣ የአመድ ዝናብ፣ ምን ቅጡ። አንብቤ ሳልጨርስ አንዱ ተጫዋች «ቀለበቴ እሳት ይከላከላል አይደል?» አለና እጁን ወደ ቆሎው ሰደደ። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ምክንያት፦ ሙቀቱ ቁጥር ብቻ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 5ኛ እትም ሕግ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የሚጠጣ ውሃ የሌለው ገጸ ባሕርይ በየሰዓቱ ዳይስ ይጥላል። የመጀመሪያው ሰዓት ማለፊያ 5 ነው፤ ከዚያ በየሰዓቱ 1 ይጨመርበታል። እሳት የሚቋቋም ግን ያለ ምንም ፈተና ያልፋል።

መፍትሄ፦ ቁጥሩን ማናር አይደለም። ሞክሬዋለሁ፤ ያተረፍኩት ቀለበት የሌላቸውን መግደል ነው። ይልቅ ዳሎልን አስቡ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ሙቀቱ የዓለም መነጋገሪያ የሆነ ምድር ነው፤ ሰው ግን ይሄድበታል። ጨው አለዋ! በአፋር ጨዉ ከመሬት ተፈንቅሎ በልክ ይጠረባል፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። አሞሌው ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። እናንተም ስለ እሳቱ ዓለም እንዲሁ ጠይቁ፦ ከዚህ ምን ይወጣል? ማን ይጭነዋል? ኬላው ላይ ቀረጡን የሚቀበለው ማነው? የጨዋታው ዝነኛ የናስ ከተማ የምትስበው በእሳቷ ብቻ አይመስለኝም፤ ኢፍሪቶች (የእሳት ጂኒዎች) የሚገዟት፣ ሱልጣንና ገበያ ያላት ከተማ ስለሆነች ነው።

በሁለተኛው ሙከራዬ ኬላ አቆምኩ። ጠባቂው የሚቃጠለውን ዕቃ ሁሉ፣ ገመዱን፣ ቆዳውን፣ ካርታውን፣ እየመዘነ ያስቀርጣል፤ ያልተቀረጠ ዕቃ በሩን ሲያልፍ አመድ ነው። ቀለበት ባለቤቱን እንጂ ካርታውን አያድንም። ያ ቆሎ በሊታ ተጫዋች በአንድ ጥቅል ብራና ግማሽ ሰዓት ተከራከረ።

ምልክት፦ የውሃው ዓለም በአንድ ድግምት ያልቃል

ምክንያት፦ ያዘጋጃችሁት አደጋ መስጠም ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚያስተነፍሰው የ3ኛ ደረጃ ድግምት እስከ 10 ፍጡራን ለ24 ሰዓት ያገለግላል።

መፍትሄ፦ ይተንፍሱ፤ ወለሉን ግን ውሰዱባቸው። መኝታ ሲደርስ «የት ነው የምትተኙት?» በሏቸው፤ የተኛውን ማዕበሉ ይዞት ይሄዳል። ከእጅ ያመለጠ ሰይፍም የሚያርፍበት ታች የለም።

ምልክት፦ የመሬቱ ዓለም ተራ ዋሻ ይመስላል

ምክንያት፦ ባዶው ቦታ ከየት እንደመጣ አላሰባችሁም። ዓለሙ ሁሉ ድንጋይ ከሆነ መተላለፊያ በራሱ አይገኝም።

መፍትሄ፦ እዚህ ላይ ላሊበላ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከወጥ አለት የተፈለፈሉት ቤተ ክርስቲያናት የተሠሩት ድንጋይ በመጨመር ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በመቀነስ ነው። በመሬቱ ዓለምም እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ቆፋሪ ሥራ ይሁን። ማን ፈለፈለው? ፍርስራሹን የት ደፋው? ይህን ስጠይቅ ምርጡ ጠላቴ ተገኘ፦ ተጫዋቾቹ ያለፉበትን መንገድ ከኋላ እየተከተለ የሚደፍን፣ ድንጋዩ የተሰረቀበት ባለርስት።

ምልክት፦ ቡድኑ በሩ ላይ ያልቃል

ምክንያት፦ ባሕርዩን ገና ከመግቢያው በሙሉ ኃይሉ ለቀቃችሁት።

መፍትሄ፦ የ2014ቱ እትም መንገድ ይበቃል። ለሰዎች ዓለም ቅርብ የሆነው ዳርቻ የምናውቀውን ምድር ይመስላል፤ እየራቁ ሲሄዱ ባዕድነቱ ይብሳል። በሩ አጠገብ ዛፍ ይኑር፤ በሦስተኛው ቀን ጉዞ ዛፉ ራሱ ነበልባል ይሁን።

ነፋስ ብዙም አላስቸገረኝም። ማለቂያ የሌለው መውደቅ አይገድልም፤ ስለዚህ ከመውደቁ ይልቅ እየወደቁ ሳለ መረብ ዘርግቶ የሚያጠምዳቸው ማን እንደሆነ ወስኑ።