ላፕቶፕ በአቦል አይፈተንም፦ ግራፊክስና ሙቀት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥር ጎንደር ውስጥ የሠርግ ወር ነው። ጥምቀት አለፈ ሲባል በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል። ቪዲዮ ለምናቀናብር ሰዎች ደግሞ እንቅልፍ ይረሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ለዚሁ ወር ብዬ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። ቀጭን፣ ቀላል፣ «አርቲኤክስ 4060» የሚል የግራፊክስ ቺፑ ስም የተጻፈበት ተለጣፊ ያለበት። የመጀመሪያውን ሠርግ ሬንደር (የተቀናበረውን አስልቶ ወደ መጨረሻው ፋይል የማውጣት ሥራ) ስሰጠው አሥር ደቂቃ ያህል በረረ። ከዚያ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ፣ ኪቦርዱ ጣት አላስነካ አለ፣ ሥራውም ተንቀራፈፈ። ለመልስ አደርሳለሁ ብዬ ቃል የገባሁት ቪዲዮ ከቅልቅል በኋላ ደረሰ።

ይህ ነገር ትሮትሊንግ ይባላል። ፕሮሰሰሩም ሆነ የግራፊክስ ቺፑ ሙቀቱ ከተፈቀደለት ልክ ሊያልፍ ሲል እንዳይጎዳ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብልሽት አይደለም። የተገዛው ጉልበት ግን አብሮ ይቀንሳል።

ስም መግዛት

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ 4060 ነው» አለኝ ሻጩ። እውነቱን ነው። እሱ ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት፣ ቺፑ ስንት ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያገኝ ነው። የቺፑ ባለቤት ኤንቪዲያ የላፕቶፑን 4060 ለላፕቶፕ አምራቾች ሲሰጥ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ውስጥ መርጠው እንዲያስሩት ይፈቅዳል። ስሙ አንድ ነው፤ ጉልበቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አካሉን ያቀጠነ አምራች ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቦታ ስለሌለው ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጋል። የእኔው 45 ዋት ላይ የታሰረ ነበር። ታናሹ 4050 ወፈር ባለ አካል ውስጥ 95 ዋት እያገኘ ቢሠራ ጥሎት ይሄዳል።

ዋቱን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የሲስተም መረጃ የሚለውን ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል በዋት ተጽፎ ይገኛል። ሻጩ «ይሄማ ምን ያደርጋል» ካላችሁ አትስሙት።

አንድ ነገር ግን ለ4060 ልመስክርለት። የቪዲዮ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ነው፤ የ4050 ደግሞ 6። ሙቀት ፍጥነትን እንጂ ሜሞሪን አይቀንስም። ከባድ የስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር ምስል) ሥራ የሚሠራ ሰው ይህንንም ያስብበት።

በአቦል መፍረድ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሱቅ ገብተን ሻጩ ጌም ይከፍትልናል፣ ለሁለት ደቂቃ አፋችንን ከፍተን እናያለን፣ ብር እንቆጥራለን። ላፕቶፑ ያኔ ገና ቀዝቃዛ ነው። አቦል የማይጥም ቡና የት አለ? ማጣራት በረካ ላይ ነው። ብዙ ላፕቶፕ አቦሉ ወፍራም፣ በረካው ውሃ ነው።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ለትምህርቷ የስዕል ሶፍትዌር የሚሸከም ላፕቶፕ ስትፈልግ አብረን ፒያሳ ወጣን። እሷ ራሷ የሠራችውን ከባድ የቤት ዲዛይን በፍላሽ ይዛለች። እኔ ደግሞ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን ነፃ የሙቀት ማንበቢያ። ሱቁ ውስጥ ቡና እየተፈላ ነበር። «ቡናችሁን ጠጡ፣ እሱም ይሥራ» አለን ባለሱቁ። ደግ ሰው ነው።

ሁለት ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ሰካን፣ ሁለቱንም ሙሉ ጉልበት በሚሰጠው ፐርፎርማንስ ሞድ ላይ አደረግን፣ ሬንደሩን አስጀመርን። በ2ኛው፣ በ15ኛውና በ30ኛው ደቂቃ የግራፊክሱን ፍጥነት፣ ዋቱንና ሙቀቱን ወረቀት ላይ ጻፍን። ቀጭኑ 4060 በ2,200 ሜጋኸርዝ ጀምሮ በረካ ሲቀዳ 1,350 ላይ ነበር። ወፍራሙ 4050 በ2,000 ጀምሮ 1,950 ላይ ቀረ። ልጅቷ ወረቀቱን አየችና «ጋሼ፣ ተለጣፊው ዋሽቶናል ማለት ነው?» አለችኝ። አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገረን።

ሥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ስሪዲማርክ የሚባለው መፈተኛ አለ። የጭነት ፈተናው አንዱን ትዕይንት 20 ጊዜ ይደጋግማል። ደካማው ዙር ከምርጡ ዙር 97 በመቶ ካልደረሰ ላፕቶፑን ይጥለዋል። ግማሽ ሰዓት የማያስፈትን ሱቅ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

«ጎንደር እኮ ቀዝቃዛ ናት»

ወይና ደጋ ናት፣ ጥላውም ደስ ይላል። ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ዙሩን ይዞራል፤ ጠርጎ የሚያወጣው አየር ግን ያነሰ ነው። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ አየሩ ነው። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር የተቀመጠ ሰው ለክቶ ዩቲዩብ ላይ የሚያሳያችሁን ሙቀት እዚህም አገኘዋለሁ አትበሉ። ትንሽ ጨምሩበት። በዚያ ላይ መጋቢትና ሚያዝያ አሉ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከሰዓት በኋላ ሬንደር የሰጠ ያውቀዋል።

ሙቀትን እንደ በሽታ መቁጠር

ይሄ ደግሞ በተቃራኒው ነው። 85 ዲግሪ አየሁ ብሎ የሚደነግጥ አለ። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 100 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተሠሩት። መታየት ያለበት ሙቀቱ ብቻውን ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። 85 ላይ ሆኖ ፍጥነቱን ያልለቀቀ፣ 75 ላይ ሆኖ ዋቱ ከታሰረበት ይሻላል። እንዲያውም አንዳንዱ ላፕቶፕ «አይሞቅም» የሚባልለት ስለማይሠራ ነው።

ቻርጀሩን አለማየት

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ በተለይ። ዋናው 180 ዋት ቻርጀር ጠፍቶ 90 ዋት ተሰጥቷችሁ ቢሆንስ? ላፕቶፑ ይነሳል፣ ይሠራልም፤ ግራፊክሱ ግን የሚበላው አያገኝም። እናንተ ሙቀት ነው ብላችሁ ፋን ታስጠርጋላችሁ። የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፤ ቮልቱን በአምፒሩ ስታባዙ ዋቱ ይወጣል። መብራት ሲጠፋም ያው ነው። የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ሥራችሁን ጀነሬተር ባለበት ቦታ አቅዱ።

ጋቢ

ጥሩ ላፕቶፕ ገዝቶ ብርድ ነው ብሎ አልጋ ላይ ጋቢ አጣጥፎ እሱ ላይ ማስቀመጥ። አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከሥሩ ነው፤ ጋቢው ይደፍነዋል። ከኋላ በኩል በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በበጋ አቧራው አያድርስ ነው፤ ከክረምት በፊት አንዴ አስከፍታችሁ አስጠርጉት።

የእህቴ ልጅ ወፍራሙን ገዛች። እስካሁን ሬንደር ላይ አልለገመባትም። የምታማርረው ክብደቱን ነው። ዳገት ስትወጣ ቻርጀሩ ብቻውን ዘነዘና ያክላል ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ቦርሳውን እኔ ተቀበልኳት። እውነትም ይከብዳል።