ቱን ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የእጅ ቱነር ወይስ የላፕቶፕ ሶፍትዌር?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናችሁ ይደክማል? መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ይህን ቱኒንግ፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ቅንብር መቀየር፣ አይመልሰውም።

ቀጥሎ መኪናውን እዩ። እንደ ሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ባለ ካርቡራቶሪ ከሆነ የሚስተካከል ኮምፒውተር የለውም፤ ጥሩ መካኒክ ይበቃዋል። ከመሪው ሥር ባለ 16 ፒን ሶኬት (ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኛው) ካገኛችሁ ቀጥሉ። ግን ቼክ ኢንጂን በርቶ ቱን አይደረግም። ካንዴላው፣ ፊልትሮው፣ ራዲያተሩ ይታይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ላይ ያልቃል።

የእጅ ቱነር ስልክ የምታክል ናት። ሶኬቱ ላይ ስትሰኳት ኦሪጅናሉን ፋይል ገልብጣ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ የተዘጋጀ ካርታ፣ ማለትም አዲሱን የሞተር ቅንብር፣ ትጭናለች። መኪናው ምንም ካልተቀየረበት እኔ እሷን እመርጣለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የመኪናችሁን ሞዴልና ዓመት የምትደግፍ መሆኗን አረጋግጡ። ያገለገለች ከሆነች ደግሞ ከቀድሞው መኪና መፈታቷን ጠይቁ። ብዙዎቹ ኦሪጅናሉ ካልተመለሰ ሌላ መኪና ላይ አይሠሩም።

ቱርቦ ወይም ኢንጀክተር ከቀየራችሁ ዝግጁ ካርታ አያዋጣም። እንደ ኤችፒ ቱነርስ ወይም ዊን ኦኤልኤስ ያለ የላፕቶፕ ሶፍትዌር የነዳጁን መጠንና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት አንድ በአንድ ያስተካክላል። እዚህ ላይ ወሳኙ ሰውየው ነው። መኪናው እየተነዳ የሞተሩን ንባብ የማይመዘግብ ሰው ቁልፋችሁን አትስጡት።

እኔን የሚያስፈራኝ የድሬ ሙቀት ነው። ብዙ ካርታዎች ኦክቴኑ (ያለ ሰዓቱ መፈንዳትን የመቋቋም አቅሙ) ከፍ ላለ ቤንዚን የተሠሩ ናቸው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲግል፣ ቤንዚኑም ደካማ ሲሆን፣ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል። ድምፁ ጣሳ ውስጥ ምስማር እንደማንቀጥቀጥ ነው። እየደጋገመ ከመጣ ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ኦክቴን የተሠራውን ካርታ ምረጡ።

ስትጭኑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ኤሲ፣ ሬዲዮና መብራት ይጥፉ። መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠ የመኪናው ኮምፒውተር ሊሞት ይችላል።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሰው ጭናችሁ ደንገጎን ውጡ። መስኮቱን ክፈቱና አድምጡ። የምስማሩ ድምፅ ከተሰማ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሡ፤ ያን ዕለቱኑ ኦሪጅናሉን መልሱ።