ኤክሴል ላይ የተበላሹብኝን የአማርኛ ስሞች እንዴት እንዳስተካከልኩ

የእድራችንን የአባላት ዝርዝር ኖትፓድ ላይ በኮማ እየለየሁ ጽፌ በኤክሴል እከፍተዋለሁ። ለዓመታት ችግር አልነበረውም። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ግን አንድም ስም አልነበብ አለኝ። እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ምልክት ሆኗል፤ የመጀመሪያው ሁሌም አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ነው። የፎንት ችግር መስሎኝ ግማሽ ቀን ለፋሁ።

ፎንት አልነበረም። ድሮ ኖትፓድ ላይ ዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተሩ ፊደላትን በባይት የሚጽፍበት ኮድ) መርጬ ሳስቀምጥ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የምትባል የሦስት ባይት መለያ ይገባ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት (ቁጥሩ 1903) ወዲህ ግን አዲስ ፋይል ያለ መለያዋ ነው የሚቀመጠው። ኤክሴል ደግሞ መለያዋን ካጣ በድሮው የላቲን ኮድ ያነበዋል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ሦስት ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ኖትፓድ አሁን ሳይጠየቅ በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጡ ለእኛ ፊደል ትልቅ ነገር ነው፤ በጣም ደስ ይለኛል። ግን እንዲህ ያለ ለውጥ ለተጠቃሚ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ኖትፓድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብዬ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» አደረግኩት። ስሞቹ ተመለሱ። ፋይሉን መንካት ካልፈለጋችሁ ኤክሴል ውስጥ ዳታ፣ ቀጥሎ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» ገብታችሁ 65001ን (የዩቲኤፍ-8 መለያ ቁጥር ነው) ምረጡ። ተበላሽቶ የተከፈተውን ግን ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት።