ጎርፉን በር ላይ አትጠብቁት፣ ከላይ ፈልጉት

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲጠና ሁሉም አካፋ ይዞ የበሩን ቦይ ይጠርጋል። ጥሩ ነው፣ ግን በቂ አይደለም። የከተማዋን ወንዝ አዌቱን የሚቀላቀሉ ትንንሽ ጅረቶች ውሃ የሚሰበስቡበት መሬት (ተፋሰሳቸው) ጠባብ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ሁሉንም ቦታ በአንዴ ይመታና ውሃው ተሰብስቦ ወዲያው ከች ይላል።

ስለዚህ ግንቦት ላይ ውሃ የት እንደሚሰርግና የት እንደማይሰርግ ለማየት ከቤታችሁ በላይ ያለውን ዳገት እስከ ጫፉ ውጡ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሁለቱንም አፍ ክፈቱና ያዙ። ጣውላ ደርባችሁ እየመታችሁ ግማሹን መሬት ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ ሙሉበት፣ ሰርጎ እስኪያልቅ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ሰርጎ ሲያልቅ ድገሙት፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ስለሚጠማው ያታልላል። በተለይ ረግረግ ዳር ያለው ጥቁር መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ ውሃውን ይውጠዋል፣ ሲርስ ግን አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው በላዩ ላይ ነው የሚሄደው።

ቀዩን አፈር ደግሞ ሁለት ቦታ ሞክሩት። ከቡናና ከጥላ ዛፉ ስር፣ ቅጠል በተነጠፈበት፣ ውሃው ቶሎ ይሰርጋል። እዚያው አጠገብ ከብት በሚመላለስበት መንገድ ላይ ግን ቆርቆሮው ውስጥ ዝም ብሎ ይቆማል። አፈሩ ያው አንድ ነው፤ የተለየው አያያዙ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 300,000 ሊትር ነው። ግማሹ እንኳ ሳይሰርግ ቢፈስ 7,500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ወደ ታች ይመጣል።

ውሃው የቆመባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ፣ ሥራው የሚጀመረው ከነሱ ነው። ከብቱን ለጊዜው ከልክሉ፣ ዳገቱን አግድም እረሱ፣ በየመሃሉ የቬቲቨር ወይም የደሾ ሣር መስመር ትከሉ። ባሕር ዛፍ ተክለናል ብላችሁ አትዘናጉ፣ ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ መሬቱ ራቁቱን ከቀረ ጎርፉን ብዙም አይዘው። ቁልቁል የተቀደደ ቦይ ካለ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ለሱ ማሳ ማስተንፈሻ ነው፣ ለታችኛው ሰፈር ግን ጎርፉን ያፋጥናል።

ነሐሴ ላይ ቀናት ሙሉ ሲዘንብ ግን ጫካውም ይጠግባል። ያኔ የሚፈሰው መውጫ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የጅረቱን ዳር በአጥርና በግንብ አታጥብቡት።