ከዲዲ 214 የቀረን ሜዳልያ ከለገጣፎ ሆኖ ማስመዝገብ

በአሜሪካ ጦር አገልግለው አገር ቤት ገብተው ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ የተቀመጡ ሰዎች፣ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ከዓመታት በኋላ ከሻንጣ አውጥተው ሲያነቡ ሜዳልያዎች ከሚዘረዘሩበት ከ13ኛው ሣጥን አንድ ሁለት ሜዳልያ ጎድሎ ያገኙታል። ወዲያው የሚታሰበው የጦሩን መዝገብ ለሚያርመው ቦርድ አቤቱታ መጻፍ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ማባከን ነው። ቦርዱ የመጨረሻው በር ነው፤ ቀድሞ መንኳኳት ያለበትን ቢሮ ሳያንኳኩ ለሄዱ ሰዎች ማመልከቻውን ይመልሳል። የቀረው ሜዳልያ የጸሐፊ ግድፈት ከሆነ ደግሞ ያለ ቦርድ፣ ዲዲ 215 በሚባል የማረሚያ ወረቀት ያልቃል።

ስለዚህ ከምንም በፊት የጎደለው ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አንደኛው ተሰጥቶ ያልተጻፈ ነው፤ ትእዛዝ ወጥቶበታል፣ ምናልባት በሰልፍ ፊት ደረትዎ ላይ ተሰክቷል፣ ወረቀቱን የሞላው ሰው ግን ዘሎታል። ሁለተኛው የማንም ውሳኔ ሳያስፈልገው በቦታና በጊዜ ብቻ የሚገባ ነው። ለምሳሌ የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳልያ ከመስከረም 12 ቀን 2001 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2022 ባለው ጊዜ በመደበኛ ሠራዊት ውስጥ በክብር ላገለገለ ሁሉ ይገባል (እዚህ ላይ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስተኛው ይገባ ነበር ተብሎ የሚታሰብ፣ ግን ማንም አዛዥ አቅርቦት የማያውቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቢሮ ሥራ ናቸው። ሦስተኛው ሌላ መንገድ አለው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ወረቀቱን ሲያነቡ 13ኛውን ሣጥን ብቻ አይዩ። 18ኛው፣ የማስታወሻው ሣጥን፣ ብዙ ጊዜ ማስረጃውን ራሱ ይዞ ይገኛል። እዚያ ላይ በኢራቅ ያገለገሉበት ጊዜ «20070314–20080602» ተብሎ ከተጻፈ (ዓመት፣ ወር፣ ቀን በተከታታይ) እና 13ኛው ላይ የኢራቅ ዘመቻ ሜዳልያ ከሌለ፣ ወረቀቱ ራሱን በራሱ ይቃረናል ማለት ነው። ለዚያ ሜዳልያ በመደበኛው የሚጠየቀው 30 ተከታታይ ወይም 60 የተቆራረጠ ቀን በአካባቢው መቆየት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሌላ ማስረጃ ባይኖር እንኳ 18ኛውን ሣጥን ማመልከት ይበቃ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ለአንድ የዘመቻ ጊዜ ሁለት የዘመቻ ሜዳልያ አይሰጥም። ለዚያው ወራት የኢራቁንም የዓለም አቀፍ ፀረ ሽብር ዘመቻውንም የሚጠይቅ ደብዳቤ ጠያቂው ደንቡን እንዳላነበበ ያሳብቃል።

በእጅዎ ያለው «ሜምበር 4» የተባለው ቅጂ መሆኑንም ያረጋግጡ። «ሜምበር 1» የሚባለው አጭሩ ቅጂ የስንብቱን ዓይነት ስለማያሳይ ብዙ ቢሮ አይቀበለውም።

ማኅደሩን ማስወጣት

ቀጥሎ የግል ማኅደርዎን ሙሉ ቅጂ ያዝዙ። ይህ በኤስኤፍ 180 ቅጽ፣ በሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ ከተማ ካለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ቤት ይጠየቃል። አድራሻው 1 አርካይቭስ ድራይቭ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ 63138 ነው፤ ፖስታው ላይ በላቲን ፊደል ይጻፉት። ለራሱ ለአገልጋዩና ለቅርብ ቤተሰብ ክፍያ የለውም። «ዲዲ 214 ላኩልኝ» ብለው አይጻፉ፤ እሱ አለዎት። የሚፈልጉት ትእዛዞቹን ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ኦኤምፒኤፍ (ይፋዊው የግል ማኅደር ማለት ነው) ብለው ይጠይቁ። ሳይፈረም የሄደ ቅጽ አይሠራም።

ጸሐፊ ቤት ሲያሳትሙ አንድ ትንሽ ነገር ትልቅ ጣጣ ታመጣለች። የአሜሪካ ቅጽ የተሠራው ሌተር ለሚባለው ወረቀት ነው፤ ከእኛ ኤ4 በወርድ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ በቁመት 18 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። በመቶ ፐርሰንት ልክ ሲታተም የቀኝ ጠርዙ ሊቆረጥ ይችላል፤ የፊርማውና የቀኑ ሣጥን እዚያ ከሆነ አለቀ። ልጁን «ከገጹ ጋር አስማማው» ይበሉት።

መልሱ ወዴት ይምጣ? ከከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤ የቤት ቁጥር ጽፎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የራስዎ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሌለዎት የታመነ ዘመድ ሣጥን ይጠቀሙ፣ ወይም አሜሪካ ያለ ሰው አድራሻ ይስጡ። ፖስታ ሣጥን ግን በግል መልእክት አድራሽ ድርጅቶች ለሚመጣ ጭነት አይሆንም። በስልክ መከታተል ከፈለጉ ሴንት ሉዊስ ከእኛ በክረምታቸው 9፣ በበጋቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የእነሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ለእኛ የማታው 12 ሰዓት፣ ወይም የቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል።

ስምና የልደት ቀን

የሐበሻ ማኅደር ከሌላው ይልቅ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሜዳልያው ሳይሆን ሰውየው ነው የማይገኘው። በአባት ስም የተመዘገበ ሰው በኋላ ዜግነት ሲወስድ የአያቱን ስም የመጨረሻ ስም ያደርጋል፤ «ጸ»ን አንዱ ወረቀት በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። ቅጹ ላይ የሚጻፈው ዛሬ የሚጠሩበት ስም አይደለም፤ በአገልግሎት ዘመን የነበረው ነው፣ ፊደል በፊደል። አሁን የተለየ ከሆነ የስም ለውጡን ሰነድ ቅጂ ያያይዙ።

ልደቱ ከዚህ ይብሳል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 3 ቀን 1975 የተወለደ ሰው በእኛ ልማድ 3/2/1975 ብሎ ይጽፋል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ወርን ስለሚያስቀድም ማርች 2 ቀን 1975 አድርጎ ያነበዋል። እውነተኛው ልደት ኦክቶበር 13 ቀን 1982 ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው፣ ሌላው ላይ የኋለኛው ካለ፣ መዝገብ ቤቱ ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል። ስለዚህ በዲዲ 214 5ኛ ሣጥን ያለውን ቀን እንዳለ ይጻፉ፣ ስህተትም ቢሆን፤ ልዩነቱን በአንድ አጭር ማብራሪያ ይግለጹ። ልደቱን ማሳረም የራሱ ጥያቄ ነው፤ ከሜዳልያው ጋር አያደባልቁት።

ማስረጃ ሲመዘን

ከሁሉ የሚከብደው ሜዳልያው የተሰጠበት ቋሚ ትእዛዝ ነው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ያወጣው ዋና መምሪያ፣ የእርስዎ ስም። ትእዛዝ ቁጥሩን የያዘ ምስክር ወረቀት ይከተላል። ቁጥር የሌለው፣ በግድግዳ ላይ የሚያምር ምስክር ወረቀት ብቻውን ደካማ ነው። ከዚያ የምደባ ትእዛዝ፣ የጉዞ ሂሳብ፣ የሥራ ግምገማ ይመጣሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው የደመወዝ መግለጫው ነው፤ የአደገኛ ቦታ አበል ለየትኞቹ ወራት እንደተከፈለ ስለሚያሳይ የት እንደነበሩ ይናገራል። ፎቶግራፍ ላይ ሜዳልያ ለብሶ መታየት ግን ምንም አያስረዳም፤ ማንም ገዝቶ ሊሰካ ይችላል።

ጉድ ኮንዳክት (የመልካም ጠባይ) ሜዳልያ «ሦስት ዓመት አገልግያለሁ» በማለት ብቻ አይገኝም። በመደበኛው የሚጠየቀው 3 ዓመት ቢሆንም አዛዥ ሊከለክለው ስለሚችል፣ ማኅደሩ ውስጥ ቅጣት ወይም የክልከላ ማስታወሻ እንደሌለ ቀድመው ይዩ። ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠው የፐርፕል ሃርት መስፈርት ደግሞ ከሁሉ ይጠብቃል፦ ጉዳቱ በጠላት ድርጊት የመጣ መሆኑ፣ በሕክምና ባለሙያ መታከሙና ሕክምናው በጊዜው በመዝገብ መስፈሩ፣ ሦስቱም ይታያሉ። ከመኪና ሲወርዱ የተሰበረ እግር ጦር ሜዳ ላይ ቢሆንም አይቆጠርም።

ምስክር የሚሆን የድሮ ጓድ ካለ፣ ቃሉን በፊርማው ይስጥ፤ የት ቆሞ ምን እንዳየ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበረ። «ጎበዝ ወታደር ነበር» አይረባም። ኤምባሲ ሄዶ ማኅተም ለማስመታት ለእያንዳንዱ ማኅተም 50 ዶላር ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የአሜሪካ ሕግ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ አውቆ የፈረመበትን የጽሑፍ ቃል ይቀበላል። ከአሜሪካ ውጭ ሲፈረም ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለው መግባት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከሚሠራበት ናሙና የገለበጠ ሰው ይህቺን ሐረግ ይዘላል፤ ቃሉም በዚያች ምክንያት ዋጋ ያጣል።

የማረሚያ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የሜዳልያው ሙሉ ስም፣ የትእዛዙ ቁጥርና ቀን፣ ማስረጃው በስንተኛው አባሪ እንዳለ። አባሪዎቹን ቁጥር ይስጧቸው፣ በ300 ዲፒአይ ስካን ያድርጉ፣ ዋናውን ቤት ያስቀሩ። በዲዲ 214 ላይ በእስክሪብቶ ምንም አይጨምሩ፤ ያ ማረም ሳይሆን ሰነድ ማበላሸት ነው። የሠራዊቱ (የምድር ጦሩ) ጉዳይ ፎርት ኖክስ፣ የባሕር ኃይሉ ሚሊንግተን፣ የማሪኑ ኳንቲኮ፣ የአየር ኃይሉ ሳን አንቶኒዮ ባሉት የሰው ኃይል ቢሮዎች ይታያል፤ ሴንት ሉዊስም ለብዙዎቹ ያስተላልፋል። ከ1960 በፊት ከሠራዊቱ የተሰናበተ ሰው ማኅደር ከሆነ፣ በሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ ከተነሣው እሳት ላይተርፍ ስለሚችል ማስረጃውን ከቤት መሰብሰብ ይቀድማል።

ቦርዱና ምክር ቤቱ

ቢሮው «አይሆንም» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ ዲዲ 149 የሚባለው የቦርዱ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል። የሠራዊት ቦርድ አለ፤ ባሕር ኃይልና ማሪን አንድ ቦርድ ይጋራሉ፤ አየር ኃይልም የራሱ አለው። የመለሰልዎትን ደብዳቤ ያያይዙ። ሕጉ ስህተቱ ከታወቀ ጀምሮ 3 ዓመት ይላል፤ ካለፈ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ስለሚችል ለምን እንደዘገዩ በሁለት መስመር ይጻፉ። ቦርዱ መርማሪ አይደለም፤ ያልላኩትን ወረቀት ፈልጎ አያመጣም። መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ይጀምራል፣ ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ነው። ከ10 እስከ 18 ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ ማመልከቻውም ክፍያ የለውም፤ ስለዚህ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ኪስዎን አይክፈቱ።

ጭራሽ ያልቀረበ ሜዳልያ ከሆነ የሚሄደው በአሜሪካ ምክር ቤት አባል በኩል ነው። ለመጨረሻ ጊዜ አሜሪካ የኖሩበት አካባቢ ተወካይ ቢሮ ይጻፉ። የሠራዊት ጉዳይ ከሆነ ዲኤ 638 የሚባለውን የሽልማት ማቅረቢያ ድርጊቱን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ቢቻል የያኔው አዛዥ፣ ሞልቶ ይፈርማል። ራስዎን ራስዎ ማቅረብ አይቻልም።

አገልጋዩ ሞቶ ከሆነ ዳግመኛ ያላገባች ወይም ያላገባ የትዳር ጓደኛ፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት መጠየቅ ይችላሉ። ከወሳኝ ኩነት የወጣውን የሞት ምስክር ወረቀት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ያያይዙ፤ ተርጓሚው ትክክለኛነቱን በፊርማው ያረጋግጥ፤ የሞቱም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። በኮርያ ከአሜሪካው 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት ጋር የተሰለፈው የቃኘው ሻለቃ አባል የሆኑ አባት ካሉዎት ግን ይህ መንገድ የእርሳቸው አይደለም፤ እነዚህ ቦርዶች የሚያርሙት የአሜሪካን ጦር መዝገብ ብቻ ነው።

ዲዲ 215 ሲደርስ ዲዲ 214ን አይተካም፤ ከጎኑ ተያይዞ ይኖራል። የሜዳልያውን ስም፣ የእርስዎን ስምና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ሦስት ቅጂ ያውጡ፤ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ይቀመጥ።