የቴክ ግሩፕ ላይ ክርክር ሲግል አድሚን ምን ያድርግ

የቴክ ግሩፕ አድሚን ከሆናችሁ ይሄ አዲስ አይሆንባችሁም። አንድ ልጅ ገብቶ "ለአዲስ ፕሮጀክት ፖስትግሬስ ነው ሞንጎ ዲቢ የሚሻለኝ?" ይላል (ሁለቱም የዳታቤዝ ሶፍትዌር ናቸው)፣ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ስትመለሱ መቶ ምናምን ሜሴጅ ተቆልሏል፣ ጠያቂው ደግሞ ከሶስተኛው ሜሴጅ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። እኔ በፊት እንዲህ ሲሆን ሁሉንም ዲሊት አደርግ ነበር፣ ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም በዛ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል ሁለት ሶስት ሰው ለዓመታት ሰርተው ያዩትን ጽፈው ነበር፣ እሱም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ ሰዎቹን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት ጥያቄውን አስተካክሉት። "የቱ ይሻላል" ለሚል ጥያቄ ሁሉም የለመደውን ነው የሚመልሰው። ገብታችሁ ጠያቂውን ጠይቁት፣ ዳታህ ምን አይነት ነው፣ ስንት ሰው ይጠቀመዋል ብለህ ታስባለህ፣ አብረውህ የሚሰሩት የቱን ያውቃሉ፣ ሰርቨሩንስ ማን ነው የሚከታተለው? ልጁ "ትዕዛዝና ክፍያ ነው፣ ሁለት ነን፣ ሁለታችንም ኤስኪውኤል እንችላለን" ካለ (ኤስኪውኤል ፖስትግሬስ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነው) ግማሹ ክርክር እዛው ያልቃል፣ ለሞንጎ ሲሟገት የነበረው ራሱ "እንደዛ ከሆነማ ፖስትግሬስ ያዝ" ሲል ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው፣ "በየትኛው ቨርዥን?" ብሎ መጠየቅ ነው። ይቺን ጥያቄ በጣም ነው የምወዳት። አንዱ "ሞንጎ ትራንዛክሽን የለውም" ይላል (ትራንዛክሽን ማለት ብዙ ለውጥ ወይ ሁሉም ወይ ምንም ሆኖ እንዲያልፍ ማድረግ ነው)፣ ከአንድ በላይ ዶክመንት፣ ማለትም የሞንጎ መዝገብ፣ የሚነካ ትራንዛክሽን ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በቨርዥን 4.0 ገብቷል። ሌላው "ፖስትግሬስ ለጄሰን አይሆንም" ይላል (ጄሰን የዳታ አጻጻፍ ፎርማት ነው)፣ ፖስትግሬስ ውስጥ ጄሰን የሚቀመጥበት ጄሰንቢ ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ቨርዥን 9.4 ጀምሮ አለ። ሁለቱም አልዋሹም፣ አንድ ጊዜ የተቸገሩበትን ነገር ይዘው ነው የቀሩት፣ እና ቨርዥን ስትጠይቁ ማንም ሳይሸነፍ ወሬው ወደ ዶክመንቴሽኑ ይሄዳል።

ክርክሩ ወደ ሰው ሲዞር ግን አትጠብቁ። "ሞንጎ የሚጠቀም ሰው ዳታቤዝ አይገባውም" የሚል ነገር ካያችሁ በሰው ፊት አትገስጹት፣ በሰው ፊት የተነካ ሰው ወደ ኋላ አይልም። ኢንቦክስ ግቡና እንዲህ በሉት፦ "ወንድሜ፣ ስለ ኢንዴክስ የጻፍከው በጣም ጠቃሚ ነው፣ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፣ 'አይገባውም' የምትለዋን ብቻ አውጥተህ ኤዲት ብታደርገው?" ቴሌግራም ላይ 48 ሰዓት ድረስ ኤዲት ማድረግ ስለሚቻል ጊዜ አለው፣ አብዛኛውም ሰው ያስተካክላል። ከደገመው አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከዛ ለተወሰነ ቀን እንዳይጽፍ ማድረግ፣ ጓደኛችሁም ቢሆን እንግዳም ቢሆን እኩል።

ሜሴጁ ከፈጠነ ስሎው ሞድ አብሩ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። በ5 ደቂቃ አንዴ ብቻ መጻፍ የሚችል ሰው አስቦ ይጽፋል።

ኮድ ሲጻፍ ታብ ወይስ ስፔስ፣ ከኮድ መጻፊያዎች ቪም ወይስ ኢማክስ አይነቱን ክርክር ብዙ አትድከሙበት። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፓርኪንሰን በ1957 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ስለ ኒውክሌር ጣቢያ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፣ ስለ ብስክሌት ማቆሚያው ግን ሁሉም ሀሳብ አለው። ፕሮጀክቱ ፎርማተር (የኮዱን አጻጻፍ በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ካለው ፎርማተሩ ይወስን፣ በቃ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ እናንተ ራሳችሁ አቋም ያላችሁ ጊዜ። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በጁላይ 2018 የመጨረሻ ወሳኝነቱን የለቀቀው ፔፕ 572 በሚባለው ቋንቋውን የመለወጥ ሀሳብ ላይ ከተደረገው አድካሚ ክርክር በኋላ ነው፣ ሀሳቡ ጸድቆ እንኳን ሰውየው ደክሞት ነበር። አንድ ሰው ተከራካሪም ዳኛም ሲሆን ይሄው ነው። ስለዚህ የምትከራከሩበት ቀን ግሩፑን ለሌላ አድሚን አስረክቡና "ዛሬ እንደ ሜምበር ነው የምጽፈው" ብላችሁ ግቡ።

ሲበርድ አንድ ሰው አጠር አድርጎ ይጻፈው፣ ለምን አይነት ስራ የቱ ተመረጠ፣ በምን ምክንያት፣ ማን አልተስማማም። ያልተስማማውን ሰው ሀሳብ ፒን ከማድረጋችሁ በፊት ለራሱ ላኩለትና "በትክክል ጽፌዋለሁ?" በሉት፣ "አዎ" ሲል ፒን አድርጉት።